በግ ገዥ መስዬ ጉና የወጣሁ ዕለት

ሰላይነት የሚያምረው በመጽሐፍ ነው። እኔ ደብረ ታቦር ላይ ታሪክ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝና የሰላይ ነገር ከተነሣ አፌ አያርፍም። ድሮ ጦር ከመዝመቱ በፊት ጨው ነጋዴው፣ አዝማሪው፣ ለማኙ ቀድሞ ይሄዳል። የጠላትን ድንኳን ይቆጥራል፣ የፈረሱን ክሳት ያያል። ንጉሥ እንቅልፍ የሚወስደው ሠራዊቱን ቆጥሮ ሳይሆን ወሬ ሰምቶ ነው እላቸዋለሁ ተማሪዎቼን። እነሱም በዚያች ክፍለ ጊዜ ብቻ አያንቀላፉም።

እኅቴ ይህን ወሬዬን ስትሰማ ኖራ ኖራ፣ አንድ ቀን በል እንግዲህ ሂድና ሰልል አለችኝ። አፌ አመጣብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጇ ትርንጎ ዐረብ አገር ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች። ጉና ሥር ከወላጆቹ ጋር ገብስ የሚያርስ አንድ ልጅ ገሳይ ገበያ ላይ አይቷት ሽማግሌ ሊልክ ነው። እሷም ወዳዋለች። ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሯል፣ ነውር አልተገኘም። እኅቴ ግን ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ባይ ናት። የትርንጎ ጭንቀት ደግሞ ሌላ ነው።

"አጎቴ፣ ሰው ሲያያቸው ሁሉም ደግ ናቸው" አለችኝ። "የልጁ አባትና እናት ሰው ሳያያቸው እንዴት እንደሚነጋገሩ ስማልኝ። የማገባው ከእነሱ ጋር ልኖር ነው። በሰው ቤት ተሳቅቄ የኖርኩት ይበቃኛል።"

አንጀቴን በላችው። ግን እስቲ ፍረዱኝ፣ ይህ ሥራ ነው? እንግዳ ሲገባ የማይለሰልስ ቤት የት አለ? ድንኳን መቁጠር ይሻላል።

በግ ነጋዴ መስዬ ወጣሁ። አሮጌ ካፖርት፣ ዱላ፣ ገመድ። ከገሳይ ወዲያ በእግር ነው። የጉና ጉም መንገዱን ከፊቴ እየገለጠ ከኋላዬ እየከደነ ይሸኘኛል። ቀስ በቀስ ከፊቴ ጨው የጫነች በቅሎ የምትሄድ መሰለኝ። ባለቤቷ የሩቅ ንጉሥ ጆሮ ነው። ፊቱን ዞር አድርጎ አየኝ፣ እንደ ሥራ ባልደረባ። ወሬ ይዘሃል ወይ ልለው ስል በቅሎዋም እሱም የገብስ ማሳ ሆኑ። ከእነዚያ ሰላዮች መካከል የተላከበትን ረስቶ እዚሁ ጉም ውስጥ የቀረ አይኖርም? እኔስ ብቀር? የማላውቀው ናፍቆት ያዘኝ። ውሻ ሲጮኽብኝ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት።

የልጁ አባት አያ ደምሌ በደጃፋቸው ተቀበሉኝ። ባለቤታቸው ትኩስ ድንች በአዋዜ አቀረቡልኝ። ከዚያ በጎቹ ወጡ። እኔ ጎተራውን አየሁ፣ የቤቱን ክዳን አየሁ፣ የማጀቱን በር አየሁ፣ በመጨረሻም መልካም በግ ነው አልኩ። ወዲያው ጉሙ መጥቶ ሁላችንንም ዋጠን። ከአጥሩ ማዶ ባልና ሚስቱ ዝግ ብለው ሲነጋገሩ ሰማሁ። ጆሮዬን ቀሰርኩ።

"ይህ ሰውዬ በግ አያውቅም" አሉ ሴትዮዋ። "ደህናውን ሙክት ምረጥለት። አገሩ ሲገባ እንዳይሳቅበት።"

"እሺ፣ አንቺ ብርድ ላይ አትቁሚ" አሉ አያ ደምሌ።

እንባዬ መጣ። ለትርንጎ የምነግራት ይኸው ነው አልኩ።

ዋጋውን ከፍዬ ሙክቴን እየጎተትኩ ስመለስ አያ ደምሌ እስከ ወንዙ ሸኙኝ። ስንለያይ "ደህና ይግቡ መምህር" አሉኝ።

ነጋዴ ነኝ ብዬ ነበር እኮ! ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ እኔ በሚያውቁኝ አገር ነው ያስነጠፍኩት። በግ የሚገዛ ሰው ወገቡን ይጨብጣል፣ ላቱን ይመዝናል፣ እርስዎ የመዘኑት ጎተራውን ነው ብለው ሳቁ አያ ደምሌ። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ እኅቴ ደጅ ድንች ስትሸጥ የከረመችው ሴት የእሳቸው እኅት ኖራለች! ትርንጎ ዋጋ ከመጠየቋ በፊት ውኃ እንደምታቀርብላት ነግራቸዋለች። ስለ እኔስ ምን አለች ብላቸው ወደ ጉሙ አዩ።

ቁልቁለቱን ስወርድ ደስታዬ ከዳኝ። ካወቁኝ፣ ያ በጉም ውስጥ የሰማሁት ለእኔ ጆሮ የተዘጋጀ ቢሆንስ? ጠላት ሆን ብሎ ባፈሰሰው ወሬ ስንት ጦር አልቋል? ቤት ገብቼ ለትርንጎ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። እውነት ይሁን ጨዋታ አላውቅም፣ አልምልልሽም አልኳት።

 ተነሥታ የሙክቱን ወገብ ጨበጠች። ላቱን በመዳፏ ከፍ አድርጋ መዘነች። ፊቷ ቀስ እያለ ፈታ።

"ከመንጋው ምርጡን ነው የሰጡህ፣ ያሉትን አድርገዋል" አለች። "ሽማግሌዎቹ ይምጡ።"

ማስረጃውን ከጉና እስከ ደብረ ታቦር በገመድ እየጎተትኩ ማምጣቴን እኔ ሰላዩ አላወቅሁም ነበር።