ወይዘሮ ኦዳሊስ በሞንቴቪዴዮ ወረፋ ዘምተው ጥምር ዜግነት የጨበጡበት ዜና

በዘመነ ጊዜያዊ መታወቂያ፣ በአራተኛው እድሳት፣ ኩባን ለቀው በወጡ በዘጠነኛው ዓመት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቪዛ በተከለከሉ በሰባተኛው ወር፣ በክረምቱ አጋማሽ፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ የወንዙ ነፋስ የሰውን ሁሉ ጃንጥላ በሚገለብጥበት ማለዳ፣ ሞአት ዘእምነገደ ኪያላ፣ ሥይምተ ሩዝ ወአደንጓሬ፣ የአረጋውያን መጦሪያው ወጥ ቤት እመቤት፣ የጉያናን ጭቃ በእግራቸው የብራዚልን ምድር በአውቶቡስ ያቋረጡት፣ ወይዘሮ ኦዳሊስ ኪያላ፣ ጥምር ዜግነት ይጨብጡ ዘንድ በኡራጓይዋ ሞንቴቪዴዮ አሮጌው ሰፈር ካለው የኪራይ ክፍላቸው ተነሥተው ዘመቱ። ይህን ዜና የጻፈው ሰው የሰማውን ሳይሆን ያየውን ነው የጻፈው፤ በዚያ ቀን በዚያው ወረፋ አሥራ ስድስተኛ ነበርና።

የዘመቻውም ምክንያት እንዲህ ነው። ሴት ልጃቸው ያኒስሌይዲ ወደ ስፔን ተሻግራ፣ እዚያ አግብታ፣ አይታና የምትባል ልጅ ወልዳ ነበር። አይታና አራት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት አያቷ አንድም ቀን አልነኳትም። የመጀመሪያ ጥርሷን በስልክ አዩ፤ የመጀመሪያ እርምጃዋን በስልክ አዩ፤ ኩፍኝ ሲይዛት በስልክ አለቀሱ። ሦስት ጊዜ ቪዛ ጠየቁ፤ ሦስት ጊዜም ትመለሻለሽ ብለን አላመንንም ተባሉ። የኡራጓይ ፓስፖርት የያዘ ግን ቪዛ ሳይለምን እንደሚገባ ሰሙ፤ ሰምተውም ዜግነቱን ሊያመጡ ማሉ። ኩባዊነታቸውን ግን ሊጥሉ አላሰቡም፤ በብርድ አገር ካባ ላይ ካባ ይደረባል እንጂ የፊተኛው አይወለቅም ይሉ ነበር። ልጅቱ ለመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷ፣ አያቴ ስልክ ውስጥ ነው የምትኖረው ብላ መናገሯን የሰሙ ዕለት ወይዘሮ ኦዳሊስ ወጥ አሳረሩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ወጥ ያሳረሩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወእምድኅረ ዝንቱ የአገሩ ሕግ ይነገር። ዜግነት የሚሻ ሰው በእውነት እዚህ ስለመኖሩ ሁለት የአገር ተወላጆች ይመሰክሩለት ዘንድ ግድ ነው። ምስክርም የሚሰማው በመዝገብ ቤቱ በወር አንድ ማክሰኞ፣ ለሃያ ሰው ብቻ ነው። ሃያ አንደኛ የሆነ ወደ ቤቱ ተመልሶ ወር ይቆጥራል። ወይዘሮ ኦዳሊስ ደግሞ ወር የሚቆጥሩበት ጊዜ አልነበራቸውም፤ ከወንጀል ነጻ መሆናቸውን የሚናገረው ወረቀት ከኩባ እስኪደርስ ዓመት ከሁለት ወር የፈጀ ሲሆን፣ ዐርብ ማታ ዘመኑ ያልፍ ነበር። ያ ወረቀት ካለፈበት ሁሉም ነገር ከሀ ይጀመራል፤ አይታናም ያለ አያት ትምህርት ቤት ትገባለች።

የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነበር። በፊታውራሪነት በሁለት ላስቲክ የተጠቀለለው የወረቀት ማኅደር ቀደመ። በቀኝ ቀኛዝማች ዶን ዋሽንግተን ፔሬይራ ተሰለፉ፤ ጡረታ የወጡ መርከብ ቀቢ፣ የሰባ ስምንት ዓመት ሰው፣ ስማቸው የሩቅ ከተማ ስም ሆኖ ሳለ ከወንዙ ማዶ እንኳ ሄደው የማያውቁ፣ የሙቅ ውሃ ፔርሙዝ በብብታቸው ካልተወሸቀ ሚዛን ስተው ይወድቃሉ እየተባሉ የሚታሙ፣ ማቴ የሚባለውን መራራ ቅጠል በትንሽ ቅል ዘፍዝፈው ቀኑን ሙሉ በብረት መምጠጫ የሚጠጡ። በግራ ግራዝማች ዶኛ ኔሊዳ ኢትቼቬሪ ተሰለፉ፤ ልብስ ሰፊ የነበሩ፣ ምላሳቸው ከመቀሳቸው ይልቅ የተሳለ። እነዚህ ሁለቱ መኳንንት ጎረቤታሞች ሆነው ሳለ በአንድ የኳስ ጨዋታ ቀን በራዲዮ ድምፅ ተጣልተው ስድስት ዓመት አልተነጋገሩም ነበርና፣ ወይዘሮ ኦዳሊስ በመካከላቸው እንደ ግንብ ሆነው ይጓዙ ነበር። በኋላ ደጀንነት ሩዝና ጥቁር አደንጓሬ የሞላ ድስት፣ በፎጣ ተጠቅልሎ፣ በወይዘሮዋ በራሳቸው ክንድ ተይዞ ተከተለ።

አሁን ጸሐፊው እጁ እየከበደው የሚጽፈው ነገር መጣ። በወይዘሮ ኦዳሊስ አገር ወረፋ በእግር አይያዝም፤ በአፍ ነው የሚያዝ። የደረሰ ሰው የመጨረሻው ማነው ብሎ ይጠይቃል፤ «እኔ ነኝ» ያለውን ሰው መልክ በልቡ ይቀርጻል፤ ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሄዶ ልብስ አጥቦ፣ ምሳ በልቶ ቢመለስ እንኳ ተራው ተራው ነው። ዘጠኝ ዓመት ይህን ልማድ አላስተዋቸውም። ከመዝገብ ቤቱ ግድግዳ ሥር ሰዎች ቆመው ባዩ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦ «የመጨረሻው ማነው?» የሚል አዋጅ አስነገሩ። አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ አንድ ጨዋ ሰው ጣቱን አነሣ። ወይዘሮ ኦዳሊስም፦ «እንግዲህ ከአንተ ቀጥሎ እኔ ነኝ የኔ ወንድም፣ ወዴትም እንዳትሄድብኝ» ብለው ሠራዊታቸውን ይዘው ከመንገዱ ማዶ አደባባዩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ሰፈሩ። ዶን ዋሽንግተን በእኛ አገር ሰው ወረፋ ላይ ይቆማል ብለው ለማሳሰብ ቢሞክሩ፣ እግራችሁ የሚያብጠው ለዚህ ነው የሚል መልስ ከወይዘሮዋ ወጣ።

አንድ ሰዓት እንዳለፈም አውቶቡስ መጣ። አረንጓዴ ካፖርት የለበሰው ሰው፣ ከፊቱ የነበሩትም ሁሉ፣ አንድ በአንድ በሥርዓት ተሳፈሩ፤ በሩ ተዘጋ፤ አውቶቡሱም ሄደ። የወይዘሮ ኦዳሊስ ወረፋ በሙሉ፣ ራሱም መካከሉም ጭራውም፣ ወደ ገበያ አዳራሹ አቅጣጫ ተሳፍሮ ሄደ። የመዝገብ ቤቱ እውነተኛ ወረፋ ከፌርማታው መጠለያ ወዲያ ታጥፎ ቆሞ ኖሯል። ሮጠው ከጭራው ሲደርሱ ተቆጠሩ፤ ሃያ ሁለተኛ ሆኑ።

ዶኛ ኔሊዳ ያን ጊዜ ወረፋው ሁሉ እየሰማ አዋጅ ነገሩ፦ «ዘጠኝ ዓመት እዚህ ኖራ ወረፋና ፌርማታ ካልለየች፣ እኔ ገብቼ ምን ብዬ ነው የምመሰክርላት?»

ሰው ሳቀ። ወይዘሮ ኦዳሊስ አልሳቁም፤ ድስቱን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ከፊታቸው ያለውን ሰው በዓይናቸው ደግመው ደጋግመው ይቆጥሩ ነበር፤ ምናልባት ቢጎድል ብለው። ሃያ አንድ ነው፤ ሁልጊዜ ሃያ አንድ ነው። ይህን የጻፈው ሰው ቦታውን ሊሰጣቸው ለአፍታ አሰበ። አሰበና ተወው።

ወካዕበ ዝናብ መጣ። የዚያ ከተማ ዝናብ ከላይ አይመጣም፤ ከጎን ነው የሚመጣ። በሩ ሊከፈት ገና አንድ ሰዓት ቀርቶት ሳለ ሕዝቡ ሁሉ ወረቀቱን በካፖርቱ ውስጥ ወሽቆ፣ ጎብጦ፣ ተራውን እንዳያጣ በቦታው ይበሰብስ ጀመር። ከመንገዱ ማዶ ሰፊ ደረቅ በረንዳ ነበር፤ ነገር ግን ማንም ሊሄድ አልደፈረም። ያን ጊዜ ወይዘሮ ኦዳሊስ የአበባ መትከያው ጠርዝ ላይ ወጡ፤ ዶን ዋሽንግተንም እንዳይወድቁ ክርናቸውን ያዙ፤ ታላቁም አዋጅ ተነገረ፦

«ስሙኝማ። ሁላችሁም ፊታችሁ ያለውን ሰው እዩት። ጫማውን ያዙ፣ አፍንጫውን ያዙ። ከኋላችሁ ያለውንም እንደዚሁ። አያችሁ? በቃ፣ ሂዱና በረንዳው ሥር ቁሙ። ወረፋው የትም አይሄድም፣ እኛ ጋ ነው ያለው። እኔ ሃያ ሁለተኛ ነኝ፤ ስመለስም ሃያ ሁለተኛ ነኝ።»

ከሁሉ ፊት የቆመችው አንዲት የፔሩ ሴት ዞራ የሁለተኛውን ሰው አፍንጫ በደንብ ተመለከተችና መንገዱን ተሻገረች፤ ሌላውም ተከተለ። እምቢ ያሉት ስምንተኛውና ዘጠነኛው፣ ሁለት የጫማ ቤት ሽርካዎች ብቻ ነበሩ። ወይዘሮ ኦዳሊስ በዝናብ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመላልሰው ተራችሁን ማንም አይወስድም፣ ወረቀታችሁ ይበሰብሳል፣ ግቡ ብለው ለመኗቸው። ሽርካዎቹም፦ «ፌርማታና ወረፋ ለማትለይ ሴት ተራችንን አናስረክብም» አሉ። ወይዘሮዋ ጃንጥላቸውን ሰጥተዋቸው ተመለሱ፤ ነፋሱ ገልብጦ ሰበረው።

በበረንዳው ሥር ድስቱ ተከፈተ፤ ሃያ ሰው በአራት ማንኪያ በላ። የዶን ዋሽንግተን ቅልም በተራ ዞረ። በአዲሱ ሕግ መሠረት ዶን ዋሽንግተን ከኋላቸው ያለውን ሰው አፍንጫ ማጥናት ነበረባቸው፤ ከኋላቸው ያሉት ደግሞ ዶኛ ኔሊዳ ነበሩ። ስድስት ዓመት ያላዩትን አፍንጫ አጥንተው፣ ቅሉን ሞልተው አቀበሉ። ዶኛ ኔሊዳም ተቀብለው እስከ ታች መጠጡት።

በሩ ሲከፈት ዘበኛው ሁለት የበሰበሱ ሰዎች ብቻ አየና የዛሬው ወረፋ ሁለት ሰው ነው ብሎ ደስ አለው። ደስታውን ሳይጨርስ ከመንገዱ ማዶ ሕዝብ መጣ፤ እያንዳንዱ ያጠናውን ጫማ ፈልጎ ከኋላው ቆመ፤ አንድም ሰው ሳይጋፋ፣ አንድም ሰው ሳይሳሳት፣ ሽርካዎቹም ስምንተኛና ዘጠነኛ ሆነው ሳለ ሰልፉ እንደ መቁጠሪያ ተሰካ። አሥራ ስድስተኛው ሰው አሥራ ስድስተኛ ሆነ። ዘበኛው በሃያ ዓመት አገልግሎቱ እንዲህ ያለ ነገር አላየም።

ከውስጥ ግን የሽርካዎቹ ወረቀት በተዘረጋ ጊዜ ማኅተሙ ቀልጦ፣ ስማቸው ተጨማልቆ፣ የልደት ምስክር ወረቀታቸው ሐምራዊ ውሃ ሆኖ ተገኘ። የመዝገብ ሹሙም የማን ልጆች እንደሆኑ ማንበብ ስላልቻለ አዲስ አውጥተው በሌላ ወር እንዲመጡ አዘዘ። ከፊት ሁለት ሰው ሲጎድል የኋላው ሁለት እርምጃ ተጠጋ። ዘበኛው እየቆጠረ ከወይዘሮ ኦዳሊስ ዘንድ ሲደርስ እጁን ከኋላቸው እንደ መዝጊያ አውርዶ፦ «ሃያ። በቃ» የሚል አዋጅ ነገረ። ወይዘሮዋ ማኅደሩን አቅፈው ተቀመጡ።

ምስክርም ተሰማ። ሹሙ ይህች ሴት በእውነት ከእናንተ ጋር ትኖራለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ወይዘሮ ኦዳሊስ ወደ ዶኛ ኔሊዳ ለማየት ፈሩ፤ የፌርማታው ነገር ገና ጆሯቸው ላይ ነበር። ቀድመው የተነሡት ግን ዶን ዋሽንግተን ናቸው፤ ፔርሙዛቸውን ከብብታቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፤ ይህንም ሲያደርጉ ከዚያ በፊት ያያቸው የለም። የነገሩትም ቃል ይህ ነው፦

«ጌታዬ፣ ሚስቴ የሞተች ሳምንት በሬን ያንኳኳ ሰው አልነበረም። ይህቺ ሴት ሰባት ቀን ሙሉ ሰሐን አመጣች። ብላ ብቻ ትለኛለች፣ ሌላ ነገር አትልም። እዚህ አገር ካልኖረች ታዲያ ያን ሁሉ አደንጓሬ ማን አበላኝ?»

ሹሙ ጻፈ። ወደ ዶኛ ኔሊዳ ዞረ። ዶኛ ኔሊዳ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ቀሚሳቸውን አስተካክለው፦ «እሱ እንዳለው ነው» አሉ። በስድስት ዓመት ውስጥ በአንድ ነገር የተስማሙት ያን ቀን መጀመሪያቸው ነበር።

ወእምዝ አምስት ወር ቆይቶ ዘመነ ጊዜያዊ መታወቂያ አለፈ፤ ዘመነ ጥምር ዜግነት ገባ። ሰማያዊው የኡራጓይ ፓስፖርት ከኩባው ጋር በአንድ ላስቲክ ተጠቀለለ፤ ሁለቱ አገሮች በአንድ ሴት ጡት መያዣ ሥር ሰላም አደሩ። እስከ ጉዞው ቀን ድረስ አይታና በየእሑዱ በስልክ የዘመቻውን ዜና ታስነግር ነበር፤ አውቶቡሱ ወረፋውን ይዞ የሄደበትን ክፍል በተለይ ደጋግማ ትጠይቅ ነበርና ወይዘሮ ኦዳሊስ ውርደታቸውን በአንድ እሑድ ሦስት ጊዜ ለመተረክ በቁ።

በማድሪድ የአውሮፕላን ጣቢያ፣ በዘመነ ጥምር ዜግነት በመጀመሪያው ዓመት በሁለተኛው ወር፣ ፓስፖርቱን ያየው ሰው ማኅተም መትቶ ቀና ሳይል ቀጣይ አለ። ወይዘሮ ኦዳሊስ ሦስት ጊዜ የተዘጋባቸው በር ይህን ያህል ቀላል መሆኑን አይተው ተናደዱም፣ አለቀሱም። ከመውጫው ደጅ ያኒስሌይዲ ነበረች፤ ተቃቅፈው የሰው መንገድ ዘጉ። ቀጥሎ አማቻቸው ቀረበ፤ እርሱንም ሳሙ። ቀና ብለው ቢያዩ ልጅቱ የለችም። በግራ በቀኝ ፈለጓት። አይታና ርቃ፣ የሻንጣ ጋሪ ላይ ቁጭ ብላ፣ እግሯን እያወዛወዘች ብስኩት ትበላ ነበር። ለምን እንደማትመጣ ሲጠሯት፣ የአያቷ ዙፋን ወራሽ የሚያደርጋትን አዋጅ ከተቀመጠችበት ነገረች፦

«ወረፋ ይዣለሁ እኮ። ከአባዬ ቀጥሎ ነኝ።»

እንግዲህ ክብርና ምስጋና ይድረሳቸው ለወይዘሮ ኦዳሊስ ኪያላ፣ ሞአተ ዝናም፣ ከሣቴ ወረፋ፣ የበረንዳው ሕግ አውጪ፣ ስድስት ዓመት የተኳረፉትን በአንድ ቅል ላስታረቁ፣ ካባ ላይ ካባ ለደረቡ፣ አውቶቡስ ጥሏቸው ሄዶ ሳለ ለደረሱ። ወይዘሮዋም የአማቻቸውን ትከሻ ለቀው፣ ሻንጣቸውን መሬት ጥለው፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ የአይታናም ተራ ደረሰ።