የእኔና የድመቲቱ ድድ

ለአደጋ የተጋለጡት ሃያ ስድስት ጥርስና አንዲት ድመት ነበሩ። ጥርሶቹ የእኔ፣ ድመቷ የባለቤቴ።

ሰው ንብረቱን ቆጥሮ ያውቃል ሲባል አትመኑ። የሱቁን ጣቃ፣ የቤቱን ቁልፍ፣ የዘመዱን ጥፋት ሲቆጥር ይውላል፤ አፉ ውስጥ ስንት ጥርስ እንዳለ ብትጠይቁት ግን በምላሱ መፈለግ ይጀምራል። እናንተም አሁን ጀመራችሁ። እኔ አውቃለሁ። ኢስሊ ገበያ ውስጥ ጨርቅ በትከሻዬ ተሸክሜ ሳዞር ሠላሳ ነበሩ፤ የራሴን ሱቅ ስከፍት ሃያ ስምንት፤ ኪሌሌሽዋ፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር፣ አፓርታማ ስገባ ሃያ ስድስት። ከዚህ በላይ ብከብር ኖሮ በድድ ብቻ ነበር የምቀረው።

ይኸው ድዴ መድማት ከጀመረ አራት ዓመቱ ነው። መፋቂያዬ ጫፍ ላይ ቀይ ባየሁ ቁጥር የምወቅሰው እንጨቱን ነበር። እንጨቱ ጠንካራ ነው እያልኩ ሻጭ ቀየርኩ። ሦስት ጊዜ። በኋላ ሁለት የታች ጥርሶቼ መነቃነቅ ሲጀምሩ፣ ልጄ ሰሚራ ጊጊሪ ወደሚገኘው ቢሮዋ ስትሄድ በመኪናዋ ጭና አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ጣለችኝ።

ሐኪሙ ከድዴ ሥር ነጣ ያለ ነገር ጭሮ አወጣ፤ መስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ አየውና እኔም እንዳይ ስክሪን ላይ አመጣልኝ። አንዱ ነገር ይሳባል። ሌላው እንደ እንዝርት ይሾራል።

«አሜባ ነው» አለኝ።

አሜባንማ የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ ግን የማውቀው ሆድ ውስጥ ነው። ይሄኛው ዘመዱ ነው፣ መኖሪያው ድድ ነው አለኝ። የሚሾረውም ሌላ ጥገኛ ነው፤ ሁለቱም በብዙ ሰው አፍ ውስጥ ይገኛሉ፤ የታመመ ድድ ሲያገኙ ይበዛሉ፤ ድዱን እነሱ ያሳምሙት ወይም ታሞ ይጠብቃቸው ገና አከራካሪ ነው። ይህን ሁሉ ሲያስረዳኝ እኔ መቁጠር ጀምሬያለሁ። አሥራ አንድ። በአንዲት ጠብታ አሥራ አንድ ተከራይ፣ ኪራይ የሚከፍል አንድም የለ።

«ቤት ውስጥ ውሻ ወይም ድመት አለ?» ሲል ጠየቀኝ። «በእነሱም አፍ ውስጥ ይገኛል።»

ከዚያ ወዲያ የተናገረውን አልሰማሁም። ጥፋተኛዋ ታወቀቻ።

ሱካሪ የባለቤቴ የዘይነባ ድመት ናት፤ ስሟ በስዋሂሊ ስኳር ማለት ነው። እኔ የኢስሊ ነጋዴዎች ሲጣሉ ለሽምግልና የሚጠሩኝ ሰው ስለሆንኩ ቤቴም ውስጥ ሥርዓት አላጓደልኩም። ቅዳሜ ከምሳ በፊት ዘይነባንና ሰሚራን ሶፋ ላይ አስቀምጬ ፈረድኩ፦ ይህን በሽታ ወደዚህ ቤት ያስገባ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከቤቱ ይውጣ። «ማንም ይሁን ማን» ያልኩት ለንግግሩ ማማር ነበር።

ዘይነባ ድመቷን እቅፍ አድርጋ «የሰሚራ አባት፣ አንተ ፈርደህ ነው ምስክር የምትሰማው?» አለች።

«ሳዋ ባባ፣ እሺ» አለች ሰሚራ፣ «ግን መጀመሪያ እሷም ትመርመር።»

ሦስታችንም ድመቷን ይዘን ወደ እንስሳት ሐኪም ሄድን። ሐኪሟ የሱካሪን ከንፈር ገለጥ ስታደርግ ድዷ ቀልቷል። ከድዷ ሥር ጭራ አውጥታ በማይክሮስኮፕ ብታየው ያ የሚሳበው ነገር እዚያም አለ። ዘይነባን በአሸናፊ ዓይን አየኋት። ሐኪሟ ግን «ከሰው አፍ የወጣ ምግብ ትበላለች?» ብላ ጠየቀች።

እዚህ ላይ ለባለቤቴ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ። ጥርሴ ከላላ ወዲህ ጠንካራ ሥጋ መዋጥ አቅቶኛል። መጣል ደግሞ አልወድም። ስለዚህ አኝኬ ጭማቂውን እወስድና የቀረውን በጠረጴዛ ሥር ለሱካሪ አቀብላለሁ። ሁለታችንም ጠግበን እንነሣለን፤ ምን ባከነ?

ዓይኔ ወደ ጫማዬ ሸሽቶ አጋለጠኝ።

«ባባ» አለች ሰሚራ፣ «ሱካሪ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሁለት።»

«ከሦስተኛ ፎቅ ወርዳ ታውቃለች?»

«ዛሬ ገና።»

«ያንተ ድድ ከደማስ?»

ዕድሜ ልኬን የሰው ሂሳብ ሳርም የኖርኩ ሰው አራት ከሁለት እንደሚበልጥ በልጄ ተነገረኝ። ሐኪሟም፣ እግዜር ይስጣት፣ ከሰው ወደ ድመት በምራቅ ሊተላለፍ እንደሚችል ረጋ ብላ አስረዳችን። ዘይነባ የሱካሪን ጀርባ እየዳበሰች «ሻንጣው ቁም ሣጥኑ ላይ ነው» አለች።

«ይግባኝ» አልኩ።

«ለማን? ዳኛው አንተ አይደለህ?»

ሰሚራ ገብታበት ቅጣቱ ቀለለ። ከቤት አልወጣሁም፤ ከጠረጴዛው ራስጌ ወጣሁ። አሁን የምበላው ማዶ ጥግ ላይ፣ በራሴ ሳህን፣ ዘይነባ ሁለቱንም እጄን እያየች ነው።

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። ሁለቱ ጥርሶች ሊድኑ ስላልቻሉ ተነቀሉ። ሐኪሙ ለዓመታት በጥርሶቼ ላይ የተጋገረውን ፍቆ ካነሣልኝ ወዲህ የቀሩት አይደሙም፤ ይህን ከትርፍ ጻፉልኝ። ለሽምግልና ስጠራ ደግሞ «ማንም ይሁን ማን» ማለት ትቻለሁ፤ ይህን የት እንደምጽፈው አላውቅም። ከሁላችን ያተረፈችው ሱካሪ ናት። ድዷ ዳነ፣ አንድም ጥርስ አልጎደላትም፤ ሥጋዋም በማሽን እየተፈጨ ይቀርብላታል። ማሽኑ ከእኔ አፍ የተሻለ መሆኑን ዘይነባ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታስረዳለች።