ለክቡራን የሚበቃው የእታለም ጎጆ

መንግሥት ለድኻ አያስብም የሚሉ ሁሉ አፋቸውን ይያዙ! በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በወረታ ከተማ፣ ቤት ለሌላቸውና ወደፊትም ለማይኖራቸው ሰዎች ኪራይ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ተቋቁሞ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ስሕተት አልሠራም፤ ለማንም ሰጥቶ አያውቅምና።

ሊቀ መንበሩ ግራዝማች አያልነህ በምረቃው ዕለት፣ «የእኛ ድጋፍ ለዛሬ ብቻ ለተቸገረ አይደለም። ችግሩ የጸና፣ ሥር የሰደደና ዘላቂ መሆን አለበት!» ብለው ተናገሩ። ተጨበጨበ። ቤት የሌላቸው ሰዎች ችግራቸው እንዲህ ሲከበር ሰምተው አያውቁም።

መጀመሪያ ያመለከተችው ከቁሐር ሚካኤል በታች ፎገራ ሜዳ ላይ የምትኖረው ሸክላ ሠሪ፣ የሁለት ልጆች እናት እታለም ናት። ባሏ ሞቷል። ክረምት በገባ ቁጥር የርብ ወንዝ ሞልቶ ጎጆዋ ይገባል፤ ገና ያልተተኮሱት እንስራዎቿ ተመልሰው ጭቃ ይሆናሉ። የጠየቀችው ወረታ ከፍታው ላይ አንዲት የኪራይ ክፍል ነበር።

«ችግርሽ ዘላቂ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለሽ?» አሉ ግራዝማች።

«ኧረ ጌታዬ፣ ውሃው በየዓመቱ ነው የሚመጣ።»

«በየዓመቱ ከመጣማ በየዓመቱ ይሄዳል።»

«ይሄድና ይመለሳል እኮ!»

ግራዝማች ወደ ጸሐፊያቸው ወደ በላቸው ዞሩ። «በላቸው፣ ጻፍ! ውሃው መሄዱን ራሷ አምናለች።»

ይሁንና መንግሥት ችኩል አይደለም፤ አጣሪዎች ተላኩ። አጣሪዎቹ በጥር ወርደው መሬቱን በፀሐይ ተሰነጣጥቆ አገኙትና «ውሃ የተባለው አልተገኘም» ብለው ጻፉ። በክረምት ኑልኝ ብላ ለመነች። በክረምት መንገዱ በውሃ ተዘጋባቸውና «ቤት የተባለው አልተገኘም» ብለው ጻፉ። ሁለቱም ደብዳቤዎች እውነት ነበሩ፤ ማኅተማቸውም ያማረ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ግራዝማች የሥራ ፍቅር አስነሣቸውና በላቸውን አስከትለው በታንኳ ራሳቸው ወረዱ። ባለ ታንኳው አዛናው ገና ሲነሡ፣ «ጌታዬ፣ ይህ የደንገል ታንኳ ነው፤ እንደ እንጨት አይደለም። ወንበሩና የመዝገብ ሣጥኑ ይቅርብን፤ ከከበደው ውሃ ይጠጣል» ብሏቸው ነበር። ያለ ወንበር ማጣራት ደንብ አይፈቅድም ተባለ። ታንኳው ውሃ ጠጣ። እታለም ደጃፍ እንደ ደረሱም አልንቀሳቀስ አለ፤ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ሆነ። ፀሐይ ደግሞ አሥራ አንድ ቀን አልወጣችም።

አሥራ አንዱንም ቀን ግራዝማችና ጸሐፊያቸው በጎጆዋ ውስጥ ከውሃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ተኙ። እታለም ልጆቿን ይዛ ውጭ ጉብታው ላይ ከላሟ ጋር አደረች። ቢሆንም ደስ ብሏታል። «እንግዲህ በዓይናቸው አዩልኝ» አለችው አዛናውን።

ግራዝማች በእርግጥ አይተዋል። ወረታ እንደ ተመለሱ እንዲህ ሲሉ ወሰኑ፦ «የመንግሥት ልዑክ አሥራ አንድ ቀን ያደረበትን ቤት፣ ቤት አይደለም ማለት መንግሥት ሜዳ ላይ አደረ ማለት ነው። ስለዚህ ጎጆው ለክቡራን ማረፊያ የሚበቃ ነው፤ ማመልከቻው ተሰርዟል።»

እታለም ውሳኔው ሲነበብላት እጅ ነሣች።

«እኔስ ለክቡራን በሚበቃ ቤት ምን አባቴ አደርጋለሁ? ለመንግሥት ሰጥቻለሁ። እርስዎም ከሰው ቤት በኪራይ ከሚቀመጡ ይግቡበት፣ ጌታዬ።»

ግራዝማች ከት ብለው ሳቁ። እሷ ግን ስጦታዋን ከነውሳኔው ግልባጭ ለበላይ አስጽፋ ላከች። የበላይ መሥሪያ ቤት ደግሞ ስጦታ ላይ ሲሆን ፈጣን ነው። በሁለት ሳምንት፣ «ለክቡራን የሚበቃ ቤት ስለ ተገኘ ሊቀ መንበሩ ዛሬውኑ ተዛውረው ይኑሩበት» የሚል ትእዛዝ መጣ።

አዛናው ወሬውን ሰምቶ ከተፍ አለ። «ጌታዬ፣ ዕቃዎን ላድርስ? ታንኳዋ ደርቃለች።»

«ውጣልኝ!» አሉ ግራዝማች። ከዚያ ብዕራቸውን አነሡ፤ ጎጆው ቤት ሊባል የማይችል፣ ሰው ቀርቶ እንቁራሪት እንኳ የሚያንቅ ረግረግ መሆኑን በገዛ እጃቸው ጽፈው ፈረሙ። ስጦታው ተመለሰ። የጎጆው ባለቤትም ቤት እንደሌላት ስለ ተረጋገጠ፣ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እታለም ከነልጆቿ፣ ከነእንስራዋ ወረታ ላይ አንዲት ደረቅ ክፍል ገባች።

በማግስቱ ግራዝማች ቢሮ ሲደርሱ ከበሩ እስከ መንገዱ ድረስ ሰው ተሰልፎ ቆሟል። ከርብ ወዲህና ወዲያ ያለ ገበሬ ሁሉ ቤቱን ለመንግሥት ሊሰጥ መጥቷል። መንግሥትን እንዲህ የሚወድ ሕዝብ በፎገራ ታይቶ አይታወቅም።