የወንድሜን የሳብዉፈር ሳጥን ፋይበር ግላስ ለማልበስ የተጠራ ስብሰባ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ሰኔ 7
ቦታ፦ ግቢያችን፣ ከመኪናው ጀርባ
ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00 ተብሎ 8፡35

የተገኙ
1. አጎታችን፣ ሰብሳቢ። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ሰብሳቢነቱ ግን አልወጣላቸውም።
2. ታናሽ ወንድሜ፣ የመኪናውና የሳጥኑ ባለቤት።
3. ጎረቤታችን፣ መኪና ቀለም ቀቢ፣ የሙያ አባል።
4. እማዬ፣ በዊልቸሯ ላይ። ጆሮዋ ከደከመ አራት ዓመት ስለሆነ፣ ያለ ድምፅ ታዛቢ።
5. እኔ፣ ጸሐፊ። ማንም አልመረጠኝም፤ እስክሪብቶ የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ማንም የቀረ ስለሌለ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ወንድሜ ሳብዉፈር የሚባለው የወፍራም ድምፅ ማጉያ የሚገጠምበትን ሳጥን ለመሥራት ሦስት ሳምንት እንደፈጀበት፣ ዓላማውም እማዬ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ዘፈን ከንዝረቱ በጀርባዋ እንድትሰማ መሆኑን አስረዳ። ሰብሳቢው «እናትህን ሰበብ አታድርግ፤ መንገድ ላይ ልታጓራበት ነው» አሉ። ወንድሜ ሰዓቱን አየ። ማየቱ ተመዝግቧል።

አጀንዳ 1፦ ሙጫውን ስለ መበጥበጥ
ወንድሜ ሬዚን የሚባለውን ሙጫ ከማጠንከሪያው ጋር አስቀድሞ እንደበጠበጠውና በሃያ ደቂቃ እንደሚደርቅ ተናገረ። ሰብሳቢው ያልጸደቀ ሥራ መጀመሩን አጥብቀው ኮነኑ። «ጋሼ፣ ኧረ ይደርቃል!» የሚለው የወንድሜ አስተያየት ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታለፈ። ከረዥም ውይይት በኋላ ሙጫው እንዲበጠበጥ በአንድ ድምፅ ተወሰነ።

ቀለም ቀቢው ግን ውሳኔውን ሳይጠብቅ ፋይበር ግላስ የሚባለውን የመስታወት ክር ጨርቅ በሙጫ ነክሮ ሳጥኑ ላይ አልብሶ ነበር። ጨርቁ መንሸራተት ሲጀምር ሰብሳቢው እማዬ በርጩማ ላይ እንድትቀመጥና ዊልቸሯ ፍሬን ይዞ በጀርባው ሳጥኑን እንዲደግፍ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡን የደገፈ የለም፤ ተፈጸመ።

አጀንዳ 2፦ ቀለም
ሰብሳቢው ግራጫ አሉ፤ ጨዋ ቀለም ነው። ቀለም ቀቢው ቀይ አለ፤ የተረፈው እሱ ነው። ወንድሜ ሦስት ጊዜ እጁን አውጥቶ «ዊልቸሩን አንሱት» ቢልም፣ ዊልቸር ቀለም ስላልሆነ አልተመዘገበለትም። በመሃሉ ሰብሳቢው በባዶ እጃቸው ጨርቁን ዳብሰው ስለነበር ማሳከክ ጀመራቸው። ማሳከኩ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝላቸው ጠየቁ፤ ይኸው ተይዟል። ድምፁ አንድ ለአንድ ሆነ፤ እኔ ድምፅ አልሰጠሁም፣ ሰልችቶኛል።

አጀንዳ 3፦ ድንገተኛ
ዊልቸሩ አልነሳ አለ። ቀለም ቀቢው ጎተተ፣ ወንድሜ ገፋ፤ ሳጥኑና ዊልቸሩ አንድ አካል ሆነዋል። ሰብሳቢው «ለመሆኑ ይህን ያዘዘ ማነው?» ሲሉ ከቃለ ጉባኤው አነበብኩላቸው። ይታረም አሉ። አይታረምም አልኩ። እማዬ ያለ ዊልቸር ውላ ማደር ስለማትችል፣ ሳጥኑ በመጋዝ ተቆርጦ ዊልቸሩ እንዲድን ተወሰነ።

መጋዙን ያመጣው ራሱ ወንድሜ ነው። ፊቱን ማየት አቃተኝ። ከመቁረጡ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያስጮኸው ለመነ፤ ሰብሳቢው እጃቸውን እያከኩ አምስት ደቂቃ ፈቀዱ። ሳብዉፈሩን ሳጥኑ ላይ አሰረ፣ ሽቦውን ከመኪናው ቴፕና ባትሪ ጋር አገናኘ። በዚህ መሃል እማዬ በርጩማው ወገቧን እንደጨረሳት ገልጻ «ወንበሬን» አለች፤ ደግፈን ሳጥኑ የተጣበቀበት ዊልቸሯ ላይ አስቀመጥናት።

ዘፈኑ ተከፈተ። የግቢው በር ተንቀጠቀጠ። እማዬ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥሎ ጀርባዋን ወደ ሳጥኑ ለጠፍ አደረገች።

«ቆይ... ቆዩ እስቲ» አለች። «ይቺን እኮ አውቃታለሁ። አባታችሁ ጢሙን ሲላጭ ያንጎራጉራት የነበረችው ናት።»

ጣቷ የዊልቸሩን ክንድ ይመታ ነበር፤ ከዘፈኑ ጋር፣ ሳይስት። ወንድሜ መጋዙን መሬት ላይ አስቀምጦ ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። ሰብሳቢውም ዓይናቸውን ጠረጉ፤ የፋይበር ግላስ ብናኝ ነው ተብሎ እንዲመዘገብ አዘዋል፣ ተመዝግቧል።

የመጨረሻ ውሳኔ
ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ሳጥኑ አይቆረጥም፣ አይቀባም፣ መኪና ውስጥም አይገባም፤ እማዬ ጀርባ እንደተለጠፈ ይኖራል። ከሥሩ ጎማ እንዲገጥምለት ቀለም ቀቢው ታዟል። ውሳኔውን ያሳለፈችው ድምፅ የሌላት ታዛቢ ናት፤ የተቃወመ የለም።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡20 ላይ ሊዘጋ ነበር። እማዬ «ድገሙልኝ» ስላለች 11፡50 ላይ ተዘጋ።