አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ለአራት ሲካፈል

ቀን፦ ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም
ቦታ፦ ሀዋሳ፣ ፒያሳ፣ ከአቶ ጠሀ ሱቅ ጀርባ ያለው መጋዘን
የተጠራበት ሰዓት፦ ጠዋት 3:00። የተጀመረበት፦ 3:55

የተገኙ ባለድርሻዎች፦ አቶ ማቴዎስ (ሊቀመንበር)፣ አቶ ጠሀ፣ አቶ ባህሩ፣ ወ/ሮ ብርሃነሽ
ጸሐፊ፦ ክብሩ፣ ድምፅ የመስጠት መብት የሌለው
በጥሪ የተገኙ፦ ሞተሩን ያደሱት መካኒክ አቶ ኃይለጊዮርጊስ፣ ሾፌሩ ዩኑስ

አራቱም ባለድርሻዎች ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ሞተሩ ወርዶ በነበረባቸው ሁለት ወራት ለተጠሩት ሦስት ስብሰባዎች ከወ/ሮ ብርሃነሽና ከጸሐፊው በቀር የመጣ አልነበረም።

የስብሰባው ምክንያት

ባለድርሻዎቹ ከአሞራ ገደል ዓሣ የሚያመላልሱበት የጋራ ፒክአፕ ሞተሩ ታድሶ ትናንት ከጋራዥ ወጥቷል። የታደሰ ሞተር እስኪለምድ በጥንቃቄ መነዳት ስላለበት፣ አነዳዱን ለመወሰን ነው። ወ/ሮ ብርሃነሽ ሁለት ወር ሙሉ ዓሣውን በባጃጅ ሲያመላልሱ ፀሐይ እየመታው እንደሚደርስ፣ የሚያቀርቡለት ሆቴልም ከሰኞ ጀምሮ በበረዶና በሰዓቱ ካልመጣለት ሌላ አቅራቢ እንደሚይዝ ቁርጡን እንደነገራቸው አስረድተዋል። ስለዚህ መኪናው ሰኞ ማለዳ ሥራ መጀመር አለበት። አባላት ችግሩን በሚገባ እንደሚረዱ ገለጹ። ከዚያ በኋላ ችግሩ አልተነሳም።

የመካኒኩ ማብራሪያ

አቶ ኃይለጊዮርጊስ "ጭነት የለም፣ ዳገት የለም፣ ከስልሳ በላይ የለም፣ ቆሞ ማጓራት የለም። ዩኑስ ሻሸመኔ ደርሶ ይመለስ። አሥር ጊዜ ሲመላለስ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ይሞላል። እሁድ ማታ ዘይት እቀይራለሁ፣ ሰኞ ትሠራላችሁ" ብለዋል። ማብራሪያው አራት ደቂቃ ወስዷል። ሊቀመንበሩ ነገሩ በዚህ የሚያልቅ ከሆነ ስብሰባ መጥራት ለምን አስፈለገ ሲሉ ስለጠየቁ ውይይቱ ተከፍቷል።

አጀንዳ 1፦ ማን ይንዳ?

አቶ ባህሩ የጋራ ንብረት በአንድ ሰው እጅ መለማመዱ አግባብ አለመሆኑን አስገነዘቡ። "የዩኑስን እግር ለምዶ ነገ እኛን እምቢ ቢልስ?" ብለዋል። ዩኑስ ለስድስት ዓመት ከእሱ በቀር መኪናውን የነዳ እንደሌለ ተናገረ። በጥሪ የመጣ ሰው ሳይጠየቅ እንዳይናገር ተነገረው። ከረጅም ውይይት በኋላ አምስት መቶው ኪሎ ሜትር ለባለድርሻዎቹ እኩል፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ መቶ ሃያ አምስት፣ እንዲካፈል ተወሰነ። መንጃ ፈቃድ ያላቸው ሁለቱ ብቻ መሆናቸውን ጸሐፊው ቢያስታውስ፣ አቶ ባህሩ "መንጃ ፈቃድ ለመንዳት ነው፤ ይሄ ማለማመድ ነው" ሲሉ መለሱ። መልሱ በአብላጫ ድምፅ ተቀባይነት አግኝቷል።

አጀንዳ 2፦ እንዴት ይለማመድ?

ሊቀመንበሩ ቡሹሎ የሚኖሩት አማቻቸው የውሃ ፓምፕ ሞተር አሳድሰው ሦስት ቀን ሳያጠፉት እንዳቆዩት፣ ፓምፑም እስከ ዛሬ እንደሚሠራ ገልጸው፣ ፒክአፑም ግቢ ውስጥ ሦስት ቀን እንደተነሳ እንዲቆም ሐሳብ አቀረቡ። መካኒኩ ፓምፕ ሻሸመኔ እንደማይሄድ አስረዱ። ወ/ሮ ብርሃነሽ "ጋሽ ማቴዎስ፣ ሰው ተቀምጦ እየዋለ እግሩ መንገድ ይለምዳል እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ታዟል። የትኛው እንደተሰረዘ እንዲታወቅ እዚህ ተመዝግቧል።

አቶ ጠሀ አስታራቂ ሐሳብ አመጡ። ሞተሩ ሳይነሳ፣ መኪናው በእሳቸው አይሱዙ እየተጎተተ አምስት መቶውን ኪሎ ሜትር ይጨርስ፤ "ቆጣሪው ይሞላል፣ ሞተሩ አይደክምም" ብለዋል። መካኒኩ ወጥተው ለመሳቅ ፈቃድ ጠየቁ። መውጣቱ ተፈቀደ፣ መሳቁ ተከለከለ። ሐሳቡ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸድቋል። በአጀንዳ 1 የተደረገው ክፍፍል በመጎተቱም ላይ እንዲጸና ተወስኗል።

አጀንዳ 3፦ ምርቃት

ሊቀመንበሩ የታደሰ መኪና ሳይመረቅ ሥራ መጀመሩ ደግ እንዳልሆነ ገልጸው፣ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ባለድርሻዎች ከነቤተሰባቸው ወንዶ ገነት እንዲወጡበት ጠየቁ። ቤተሰብ ሲቆጠር ሃያ ሁለት ሰው ሆነ። ተመልሰው የገቡት መካኒክ ጭነትና ዳገት ብለው ሳይጨርሱ ሊቀመንበሩ "ቤተሰብ ጭነት አይደለም!" ሲሉ አቋረጧቸው። አቶ ጠሀ አይሱዙዋቸው ሃያ ሁለት ሰው ዳገት እንደማይጎትት ስላሳወቁ፣ ፒክአፑ ሽቅብ በሞተሩ፣ ቁልቁል በገመድ እንዲሄድ ተወሰነ።

አቶ ኃይለጊዮርጊስ "እንዲህ ካደረጋችሁት በወሩ ዘይት እየጠጣ ጭስ ይተፋል። ዋስትናዬን አንስቻለሁ፤ ስሜንም እንዳትጠሩ" ብለዋል። ሊቀመንበሩ ስለ ሙያዊ ድጋፋቸው አመስግነዋቸዋል።

አጀንዳ 4፦ ገመድ

5:10 ላይ ወ/ሮ ብርሃነሽ "ስልክ አለብኝ" ብለው ወጡ። ዩኑስም ሳይጠየቅ ተከተላቸው። ሦስት አባላት ስለቀሩ ምልዓተ ጉባኤው አልጎደለም። ከውጭ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ሊቀመንበሩ በሩ እንዲዘጋ አዘዙ።

የመጎተቻው ገመድ ርዝመት ስድስት ሜትር ይሁን ስምንት በሚለው ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ክርክር ተደርጓል። 6:30 ላይ በተግባር ለመለካት ወደ ግቢው ሲወጣ የሚጎተት መኪና አልተገኘም።

ሊቀመንበሩ ወ/ሮ ብርሃነሽ ጋር ደውለው ድምፁን ለሁሉም ከፈቱት። "ሻሸመኔ ደርሰን ተመልሰን ሁለተኛውን ጀምረናል፤ አሁን ጥቁር ውሃን አለፍን። ሃምሳ ስልሳ እያልን ነው" ብለዋል። ሊቀመንበሩ በማን ፈቃድ ሲሉ ጠየቁ። "ኧረ ጋሽ ማቴዎስ፣ በእኛ የተነሳ ስብሰባው አይቋረጥ! እናንተ እስክትጨርሱ እኛም እንጨርሳለን" የሚል መልስ ተሰጥቷል። መካኒኩ ዋስትናቸውን መመለሳቸውን፣ እሁድ ማታም ዘይት ይዘው እንደሚጠብቁ አስታውቀው ሄዱ። አቶ ባህሩ የተነዳው ኪሎ ሜትር ከእሳቸው ድርሻ እንዳይቀነስ አጥብቀው አሳሰቡ።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። ወ/ሮ ብርሃነሽና ዩኑስ የሄዱት ጉባኤው በጥልቀት ተወያይቶ ስለላካቸው እንደሆነ እንዲቆጠር ተወስኗል።

ስብሰባው 6:55 ላይ ተበትኗል። ሊቀመንበሩ ውሳኔው የተላለፈበት ሰዓት መኪናው ከመውጣቱ በፊት ተደርጎ እንዲጻፍ አዘዋል። ማኅተም በሚያርፍበት ቅጂ ላይ 5:05 ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። በዚህ በራሴ ደብተር ላይ ግን 6:50 ነው።