ክቡር ጆሮና ሦስቱ ሸክላ ማጫወቻዎች

ሙዚቃ የሚሰማ ሰው በየቤቱ ሞልቷል። ሙዚቃ የሚመዝን ሰው ግን ለአንድ ሰፈር አንድ ብቻ ነው የሚታደለው፤ ሁለት ከሆኑ ሰፈሩ ሰላም አያገኝም። እንዲህ ያለው ሰው ዘፈን ይጠላል ማለት አይደለም። የትኛው ማሽን ላይ እንደሚያምር ሳያረጋግጥ ለመውደድ አይቸኩልም እንጂ።

በዚህኛው ሰፈር ሹመቱ የደረሰው ጡረታ ለወጡ አንድ መሬት ቀያሽ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በሌሉበት «ክቡር ጆሮ» ይላቸዋል። እሳቸው ይህን አያውቁም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና። ሳሎናቸው ጥግ፣ ከአንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ፣ ሦስት የድሮ ሸክላ ማጫወቻዎች ተደርድረዋል። ባለእንጨቱ «ሽማግሌው» ነው፤ ብርማዋ «እመቤቲቱ»፤ ለማንሳት ሁለት ሰው የሚጠይቀው ጥቁሩ ደግሞ «ጄኔራሉ»። ዳኝነቱ እንዳያዳላ ሦስቱም በአንድ አምፕሊፋየርና በአንድ ጥንድ ስፒከር ነው የሚናገሩት። ክቡርነታቸው ከመሥሪያ ቤት ይዘውት የወጡት ውሃ ልክ አላቸው። በእሱ የሦስቱንም ጀርባ በየሳምንቱ ይለካሉ። አንድ ጊዜ ጄኔራሉ የፀጉር ስንጣቂ ታህል ዘመም ብሎ ቢያገኙት ምሳ አልበላም ብለው ዋሉ።

ችሎቱ የሚሰየመው እሁድ ከሰዓት ነው። አንድ ሸክላ ጄኔራሉ ላይ ይቀመጣል፣ ዘፈኑ ይጀምራል፣ ወደ አዝማቹ ሊገባ ሲል ክቡርነታቸው መርፌዋን ብድግ ያደርጓታል። ሸክላው ወደ እመቤቲቱ ይዛወራል፤ ያው መግቢያ፣ ያው ብድግ። በመጨረሻ ሽማግሌው ይቀርባል። የእሱ መርፌ ማንሻ ከተሰበረ ቆይቷል፤ በእጅ ላንሳ ቢሉ ሸክላው ይጫራል። ስለዚህ አዝማቹ ጋ ሲደርስ ድምፁን ይዘጉና ዘፈኑ በዝምታ እየዞረ እስኪያልቅ ይተዉታል። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ታዳሚው አዙረው፣ «ልዩነቱን ሰማችሁት?» ይላሉ። ሰማን ያላለ የለም። ፎቅ ላይ ያለው የጥርስ ሐኪም ብቻ አንድ ቀን ደፍሮ፣ «ለእኔ ሁሉም አንድ ነው» አለ። «የሱ ጆሮ የመነጽር ማንጠልጠያ ነው» ተባለለትና ዳግም አልተጠራም።

ዋናው ዳኛ ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሱቁ ከቤታቸው ሥር ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ እሁድ አልቀረም። ዳኝነቱን ያገኘው በአንገቱ ነው። ዘፈን ሲጀመር ቀኝ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፈን፣ ከንፈሩን ነከስ ያደርጋል። ክቡርነታቸው ይህን ባዩ ቁጥር፣ «አያችሁ? አዋቂ እንዲህ ነው የሚሰማው!» ይላሉ። የሚያሳዝነው ግን ፀጉር አስተካካዩ የሚያዘነብለው ግራ ጆሮው ስለማይሰማ ነው። ልጅ ሳለ ጆሮውን ታሞ በዚያው ደነቆረ፤ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። በግራው በኩል «ጢሜን እንዳትነካ» ያለውን አንድ ደንበኛ እሺ ብሎ ሙልጭ አድርጎ ላጭቶታል። ክቡርነታቸው ልዩነቱን ሲጠይቁት መልሱን ከፊታቸው ያነባል፤ ቅንድባቸው ከፍ ካለ ያወድሳል፣ ዝቅ ካለ «ትንሽ ደረቅ አለብኝ» ይላል። የሠላሳ ዘፈን መግቢያ በቃሉ ያውቃል። ሱቁ ውስጥ ሲያንጎራጉር ደንበኛ «ከዚያስ?» ቢለው፣ «ከዚያማ መርፌው ይነሳል» ነው መልሱ።

አንድ ሳምንት ግን የክቡርነታቸው ባለቤት ወገባቸውን ይዘው ጠረጴዛው ፊት ቆሙ። «እናቴ ሰኞ ጠቅልላ ትመጣለች። አልጋዋ እዚህ ነው የሚገባው። አንዱን ምረጥና ሁለቱን አስወጣ።» ክቡርነታቸው እስካሁን ሲሏቸው ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ነበር፤ አሁን ግን አልጋው ተፈትቶ በር ላይ ደርሷል። ሦስት ቀን እንቅልፍ አጡ።

እሁድ ደረሰ፤ ዳኛው ብቻውን ተጠራ። «የዛሬው ፍርድ ይግባኝ የለውም» አሉት። የፀጉር አስተካካዩ አንድ ቃል እኚህ ሰው የሚሳሱላቸውን ሁለት ማሽኖች ከቤት ሊያስወጣ ነው፤ እሱ ደግሞ ልዩነት የሚሉት ነገር አንድም ቀን ጆሮው ገብቶ አያውቅም።

ክቡርነታቸው «ቀስ ብሎ ካልተሰማ አልተሰማም» የሚል ደንብ ካወጡ ሁለት ዓመት ሆኗል፤ ድምፁን ዝቅ አድርገው መርፌዋን ጄኔራሉ ላይ አሳረፏት። ዳኛው አንገቱን ዘንበል አደረገ። ምንም። የበለጠ ዘንበል አለ። ሸክላው ይዞራል፣ ድምፅ ግን የለም። «ወይኔ! ይሄኛውም ሄደ!» አለ በልቡ። ቀስ ብሎ ጢሙን ከጆሮው ሥር በጥፍሩ አከከ፤ የጥፍሩ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማው። ጆሮውስ ደህና ነው።

«አቤት ጥልቀት! ሰማኸው?» አሉ ክቡርነታቸው፣ ዓይናቸውን ከፊቱ ሳይነቅሉ።

ይሄኔ ከኋላቸው፣ ከኮሪደሩ፣ የባለቤታቸው ድምፅ መጣ። «ምነው ፀጥ አላችሁ? አምፕሊፋየሩን ነቅዬ ካውያ ሰክቻለሁ እኮ! የእማዬን አንሶላ ልተኩስ ነው!»

ክቡርነታቸው ዘወር እንኳ አላሉም፤ የዳኛው ዓይን ወደ ኮሪደሩ ሲሮጥ ብቻ አዩ። «ምን አለች?» አሉት።

ፀጉር አስተካካዩ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ ስድስት ዓመት ለምዶታል። ግን አንጀቱን በሉት።

«አምፕሊፋየሩ ተነቅሏል ነው የሚሉት ጋሼ። ሙዚቃ አልነበረም።»

ክቡርነታቸው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። ጉልበታቸውን እያሹ፣ «ሁለት ዓመት ሆነኝ» አሉ። «ወሬ ከፊት ለፊት ከሆነ እሰማለሁ። ቀጭን ቀጭኑ ነው የጠፋብኝ። ድምፁን ከፍ ባደርግ ደግሞ ሰው ይነቃብኛል።»

«እኔም ግራዬ አይሰማም። ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ምን? ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዴት ነው የፈረድከው?»

«ፊትዎን እያየሁ ነዋ።»

«አንተ ሰውዬ!» አሉ ክቡርነታቸው፣ አፋቸውን ይዘው። «እኔስ ያንተን እያየሁ አይደል!»

የሁለቱ ሳቅ እስኪበርድ ባለቤታቸው ካውያውን እንደያዙ በር ላይ ቆመው ጠበቁ። «ታዲያ የትኛው ነው የሚቀረው?» ሲሉ ፀጉር አስተካካዩ ተነሳ። በዘመኑ የመጀመሪያውን እውነተኛ ፍርድ ሰጠ።

«ሽማግሌው ይቅር፣ እትዬ። ማንሻው የተሰበረ ነው። ዘፈን አያቋርጥም። ሁለቱን እኔ ሱቅ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ጋሼ ውሃ ልካቸውን ይዘው ብቅ ይላሉ።»

አምፕሊፋየሩ ተሰካ፤ ሸክላው ሽማግሌው ላይ ተቀመጠ። ድምፁ የጥርስ ሐኪሙ ድረስ እንዲሰማ ሆኖ ተከፈተ። ሁለቱ ሰዎች ከስፒከሩ ፊት ወንበር ገጥመው ተቀመጡ፤ አንዱ እጁን ጆሮው ላይ እንደ ቁና ዘርግቶ፣ አንዱ ቀኙን አዘንብሎ። አዝማቹ መጣ። ከአዝማቹ በኋላ ሁለቱም የማያውቁት ክላርኔት ገባ። ፀጉር አስተካካዩ እኚህን ሽማግሌ ምን ያህል እንደሚወዳቸው የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ለካ እሁድ እሁድ ደረጃውን የሚወጣው ለሙዚቃ ብሎ አልነበረም።

«አለቀ እንዴ?» አሉ ክቡርነታቸው።

«አለቀ ጋሼ።»

«ድገመዋ ታዲያ!»

ፀጉር አስተካካዩ የችሎቱ ልማድ ሆኖበት ሸክላውን አንስቶ ወደ ጄኔራሉ ዞረ።

«የት ትወስደዋለህ?» አሉት። «እዚሁ።»