ኬላ ላይ የተፈታ ክርክር

ጉድ የሠራኝ ወገቤ ነው። ፕሮግራም የምጽፍበትን ላፕቶፕ ተሸክሜ ጅግጅጋን ስዞር ወገቤ አላስቀምጥ አለኝ። አንዱ ጎረምሳ ኢንተርኔት ላይ፣ ቀጭን ታብሌት ይዞ፣ ላፕቶፕ ድሮ ቀረ ሲል አየሁት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ታንቃ አይደል ተረቱ? ላፕቶፔን ሸጬ ታብሌት ገዛሁ።

እውነት ለመናገር ቀላል ነው። ግን መስታወት ላይ ኮድ መጻፍ በጓንት ምስር መልቀም ማለት ነው፤ ኪቦርድ ገዛሁ። ጣቴ ጽሑፉን ሸፈነብኝ፤ ማውስ ገዛሁ። መሰኪያው አንድ ብቻ ሆነ፤ ማከፋፈያ ገዛሁ። ከዚያ ማቆሚያ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ፓወር ባንክ። ቦርሳዬ ከድሮውም ከበደ። ለማን ይነገራል? ጓደኞቼን «ቀለለኝ» እያልኩ ወገቤን በድብቅ አሽ ነበር።

በዚህ መሃል የባቢሌ ሚኒባሶች ማኅበር ሊቀመንበር ሐጂ ዩሱፍ ደወሉ። የመኪና ተራ የሚይዝ ፕሮግራም አዘውኝ ጨርሼላቸዋለሁ። እስከ ቀትር መጥቼ ካላሳየኋቸው ሥራውን ለሐረር ልጆች እንደሚሰጡት ነገሩኝ። ሌላ ሥራ አልነበረኝም። በጠዋቱ ተሳፈርኩ።

መንገድ ላይ ኬላ አለ። ፈታሹ ቦርሳዬን ዘረገፈው። ሁሉም አዲስ ኤሌክትሮኒክስ! ነጋዴ ነህ ወይ አለኝ። ኧረ አይደለሁም፣ ይሄ ሁሉ አንድ ኮምፒውተር ነው አልኩት። እስቲ ግጠመው አለኝ። ተሳፋሪው ከቦኝ ጠረጴዛው ላይ ሰካካሁት። ስከፍተው ኔትወርክ የለም። ፕሮግራሙ ያለው ሩቅ አገር ባለ ኮምፒውተር ላይ እንደሆነ፣ ታብሌቱ ማያ መስኮት ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስረዳሁ።

«እና ይሄ ሁሉ ተሰብስቦም ኮምፒውተር አልሆነም?» አለ ፈታሹ።

አምስት ሰዓት አልፏል፤ ሥራዬ ዓይኔ እያየ ሊሄድ ነው። ያዳኑኝ መኪናው ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው የመጡት የጨርቅ ነጋዴ ኤዶ ሃሊማ ናቸው፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው።

«ወላሂ፣ ኮንትሮባንድ የሚነግድ ሰው እንዲህ አይንገላታም! ልቀቀው፣ ልጄ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ፈታሹም ሳቀና ለቀቀኝ።

ባቢሌ ስደርስ ሐጂ ለሶላት ሊወጡ ጫማቸውን እያደረጉ ነበር። ደግነቱ እዚያ ኔትወርክ አለ። አዩት፣ ወደዱት፣ ሥራው የኔ ሆነ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

አሁን የሙያ ጓደኞቼ ታብሌት ላፕቶፕን ይተካል አይተካም እያሉ ሲጨቃጨቁ እስቃለሁ። ምን ያጨቃጭቃል? ፈታሹ ወደፊት ያሉት ኬላዎች እንዳያስቸግሩኝ ብሎ የጻፈልኝ ወረቀት ማኅተም አርፎበት ኪሴ ውስጥ አለ፦ «ላፕቶፕ፣ ብዛት አንድ፣ የተበታተነ።»